ወደ ዜሮ ያልተመለሰው መርፌ

መሐንዲሷ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በወደቀ የብረት መደርደሪያ ሥር ሞታ ተገኘች። ጠዋት መሬት ተንቀጥቅጦ ነበርና ሁሉም «የሱ ጦስ ነው» አለ።

መርማሪዋ ግን ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። የሆስፒታሉ ሁለት ሕንፃዎች በሚገናኙበት ክፍተት ላይ፣ ሕንፃው ምን ያህል እንደተወዛወዘ የሚያሳይ መለኪያ ተተክሏል። መርፌው ሦስት ሚሊሜትር ላይ ቆሟል።

«ምነው ወደ ዜሮ አልተመለሰ?»

የሟቿ ባል የጥገና ሠራተኛ ነው፤ ንዴቱ እንባውን ቀድሞታል። «ሕንፃው ውስጡ ከተሰነጠቀ እንደ ላስቲክ ተመልሶ ቦታው አይገባም። አይሰነጠቅም ብሎ ማስላት ሰው መፍጀት ነው ትል ነበር። በድሮው ስሌት፣ ትልቅ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ሕንፃው ዘጠኝ ሴንቲሜትር ይወዛወዛል፤ ከጎኑ ካለው ሕንፃ የሚለየው ክፍተት አሥር ነው። የሕንፃ ኃላፊው "ይበቃል" ብሎ ፈረመ!»

የምድር ቤቱ ቁልፍ ያላቸው ከሟቿ ሌላ ሦስት ናቸው፤ ባልየው፣ የነርሶች አለቃና የሕንፃ ኃላፊው።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለች የነርሶች አለቃ። «በሽተኞቹን አውርጂ ብላ መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ሕንፃው ከተሰነጠቀ መወዛወዙ ከዘጠኝ ይብሳል ትላለች፤ በስንት ስላት ገና አልደረስኩበትም አለችኝ። ትናንት ማታ ነው ይህን ያለችኝ።»

ኃላፊው ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «ነፍሷን ይማር፣ ማጋነን ትወድ ነበር። አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር እያለች ሰው ታሸብራለች። ካየኋት ሦስት ቀኔ ነው።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ወረቀት በሬሳዋ ሥር ነበር። "ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሦስት ሚሊሜትር ቀርቷል" ይላል፤ የእጅ ጽሑፏ ነው። መንቀጥቀጡ ገድሏት ቢሆን ይህን ማን ጻፈው? መደርደሪያው የወደቀው መሬቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው፤ ሰው ገፍቶት።»

ጣቷን ከጽሑፉ ሥር ወዳለው ስሌት አወረደች።

«ሕንፃው መሰንጠቁን ስታውቅ ስሌቱን እዚሁ ላይ እንደገና ሠራች፤ ዘጠኙ እጥፍ ሆነ፣ አሥራ ስምንት። አሥር ሴንቲሜትር ክፍተት አይበቃውም፤ ሌላ መንቀጥቀጥ ከመጣ ሕንፃዎቹ ይጋጫሉ። ቁጥሩ የተወለደው ዛሬ ጠዋት ነው። ወረቀቱን ሬሳዋ ተጭኖት ስለነበር ከኔ በፊት ያነበበው የለም። አሥራ ስምንትን ከማን ሰሙ፣ ጌታዬ? ከራሷ አፍ ካልሆነ በቀር!»

ኃላፊው ፊቱ አመድ መሰለ። «አሁኑኑ ሕንፃውን ባዶ አድርግ አለችኝ! ፊርማህን አጋልጣለሁ አለች! ምን ላድርግ?»

ባልየው ዘሎ አንገቱን ሊይዝ ሲል መርማሪዋ መሃል ገባች።

«ሲስተር፣ ላይ ስንት ሕሙማን አሉ?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ይውረዱ። አሁን!»

«ማን አዘዘ ልበል?»

መርማሪዋ በነጭ ጨርቅ ወደ ተሸፈነችው መሐንዲስ ዞረች።

«እሷ» አለች።