የባዶው ክፍል ፎቶ

መጀመሪያ የተሰማው ማስነጠስ ነበር።

አንዴ፣ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ ሊመጣ ብሎ መንገድ ላይ የቀረ። ከጨለማ ክፍሉ በር ማዶ ነው። እሱ በቀዩ አምፖል ሥር ጎንበስ ብሎ ፎቶ እያጠበ ነበርና ቀና አለ።

«ይማርሽ!» አለች እናቱ ከመቀበያው ባንኮኒ።

«ያኑርዎት። ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው እማማ? አቼቶ ትጠጣላችሁ እንዴ?»

«ልጄን ጠይቂው። እኔ ከለመድኩት ቆየሁ፤ አሁን የሚሸተኝ ሌላ ሰው ቤት ስገባ ነው።»

ከዚያ ሳቅ መጣ። በሩን ከፍቶ የማን እንደሆነ ቢያይ ደስ ባለው፤ ግን በሩ ተከፈተ ማለት ብርሃን ገባ፣ ወረቀቱም ተበላሸ ማለት ነው። እዚያው ባለበት ሆኖ ጆሮውን አቆመ።

«አንተ ውስጥ ያለኸው!» አለ ድምፁ፣ አሁን ከበሩ ሥር ሆኖ። «ከቤተ መጻሕፍት ነው የመጣሁት። የፎቶግራፍን ልደት በኤግዚቢሽን ልናከብር ነው። የድሮውን ሥራ የሚያውቅ እዚህ ቤት ነው ያለው አሉኝ።»

«የሚያውቀው አባቴ ነበር።»

«እሳቸውስ?»

«አርፏል።»

«ታዲያ አንተ እዚያ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?»

«እሱ የጀመረውን እጨርሳለሁ።»

በመጨረሻ ሲወጣ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፊቶች ታያለች፤ ሙሽሮች፣ ምሩቃን፣ ጥርስ ያላበቀሉ ሕፃናት። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሰው ሲያየው ዓይኑን ወደ ጫማው መስደድ ልማዱ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጫማ ማድረጉም ትዝ አላለውም።

«በል ንገረኛ» አለችው።

ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣው ልጅ፣ እናቱ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስክትገረም ድረስ ያወራ ጀመር።

«ያኔ እንደ ዛሬ ቀጭ አድርጎ መሄድ የለም። ከሁሉ በፊት ከተነሱት አንዱ ከመስኮት የታየ የቤት ጣሪያ ነው። ለማንሳት ቀኑን ሙሉ ሳይፈጅ አይቀርም፤ ፀሐይዋ የምሥራቁንም የምዕራቡንም ግድግዳ አብርታዋለች።»

«አንድ ፎቶ ላይ ጠዋትም ማታም?»

«አዎ። ሌላው ደግሞ የአንድ ትልቅ ከተማ መንገድ ነው። ሰው የሚተራመስበት መንገድ። ፎቶው ላይ ግን ሠረገላ የለ፣ ፈረስ የለ፣ የሚሄደው ሁሉ ሳይያዝ አልፏል።»

«ውይ፣ ምስኪኖች! ሁሉም ጠፉ?»

«አንድ ሰውዬ ሲቀር። ቆሞ ጫማውን ሲያስጠርግ ነበር።»

«ንጽሕና ዋጋ አለው ማለት ነው!» ብላ እንደገና ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ መመላለስ አበዛች። ለኤግዚቢሽኑ ነው ትላለች፤ እሱም ለኤግዚቢሽኑ ነው ይላል። ታላቅ ወንድሙ ብቻ ነበር ጮክ ብሎ የሚናገረው። ወንድምየው የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ሦስት ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሙሽራን ከነሚዜዋ የሚያስቅ፣ ፀጉሩ መሳሳት ከጀመረ ወዲህ የቼክ ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ የማያውቅ። ታናሹን የሌሊት ወፍ ይለዋል።

«እማዬ፣ የሌሊት ወፉ ፀጉሩን አበጥሯል! ወይ ጉድ፣ ሸሚዝም ተኩሷል!»

«ተወው ልጄን» ትላለች እናት። «አንተ ራስህ ማበጠር የተውከው ወደህ መሰለህ?»

ልጅቷ በዚህ ስትስቅ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። በሳቁ መሃል ወንድሙ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ እሷን የሚያይበትን ዓይን ልብ አላለም። ሰው በገዛ ቤቱ ማንን ይጠብቃል?

አንድ ቀን እንደ ጥንቱ አድርጎ ሊያነሳት ተስማሙ። የአባቱን የእንጨት ሣጥን ካሜራ አወጣ፤ በፊልም ፋንታ ወረቀት ከተተበት። ብርሃን ከጣሪያው መስታወት በሚወርድበት ትልቁ ክፍል፣ ባሕርና ደረጃ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። ከኋላዋ ደግሞ የአንገት መደገፊያ ብረት አቆመ።

«ይሄ ሊያንቀኝ ነው?»

«እንዳትነቃነቂ ነው። ያኔ ሁሉም እንዲህ ተደግፎ ነበር የሚነሳው። የድሮ ሰዎች ፎቶ ላይ የማይስቁት ለምን ይመስልሻል?»

«ኑሮ ከብዷቸው ነዋ!»

በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሁለት አፍንጫ ይዛ ወጣች። በሚቀጥለው ግንባሯ ጭስ መሰለ።

«እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ተንፍሺ» አላት። «ዓይንሽን አንድ ነገር ላይ አሳርፊው።»

«ምን ላይ?»

«የፈለግሽው ላይ።»

እሱ ላይ አሳረፈችው።

የካሜራውን ክዳን አነሳ። ሁለቱም ዝም አሉ። ከመንገድ የመኪና ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እነሱ ግን እዚያው ናቸው። በሕይወቱ ሴት ልጅ ፊት እንዲህ ቆሞ አያውቅም። እንዳያፍር ሥራው ማየት ነው፤ ዓይኗን እንዳታሸሽ ሥራዋ አለመነቃነቅ ነው። ክዳኑን መመለስ ያለበት ጊዜ ሲደርስ እጁ እሺ አላለውም፣ ትንሽ ጨመረላት።

ያ ፎቶ ጥርት ብሎ ወጣ። የሽፋሽፍቷ ጥላ ሳይቀር ይታያል። ከማጠቢያው ሳህን አንስቶ ውኃው እየተንጠባጠበ ሳለ፣ «ላግባሽ» አላት።

«እንዴ! እንዲህ ነው እንዴ የሚጠየቀው?»

«ሌላ ዓይነት አላውቅበትም።»

በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የጠቆሩ ጣቶቹን ይዛ ስታያቸው ቆየች። «ኤግዚቢሽኑ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት መልሴን እነግርሃለሁ።»

«ለምን አሁን አይሆንም?»

«መጠበቅ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

እናቱ ስትሰማ እልል ልትል ነበር፣ ጎረቤት ይሰማል ብላ አፏን በእጇ ያዘችው። ወንድሙ ምሳ እየበላ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ኮፍያውን አስተካከለ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለ፣ ቆየት ብሎ። ታናሹ ይህን መቆየት እንደ ወንድም ስስት ቆጥሮ በሆዱ ወደደው።

ለኤግዚቢሽኑ አንድ ፎቶ ይጎድላል። እንደዚያ እንደ ጣሪያው፣ ሰዓታት የተቀመጡበት ፎቶ። የአባቱን ባዶ ክፍል ሊያነሳ አሰበ፤ አግዳሚውን፣ የተሳለውን ባሕር፣ ከላይ የሚወርደውን ብርሃን። አንድ ትንሽ ባለ ቀዳዳ ሣጥን ካሜራ በፍሬሞች መሃል መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ቀዳዳውን ከፈተ።

«እስክመለስ ማንም እዚህ እንዳይገባ» አለ። ለእናቱም፣ ለወንድሙም፣ ለእሷም ነገራቸው።

«ብንገባስ?» አለች እሷ እየቀለደች። «ፎቶው ላይ ሰው አይወጣም ብለኸኝ የለ?»

«አይወጣም። ግን ካሜራውን ብትነኩት አለቀልኝ።»

ሚስማር ሊመታና ፍሬም ሊሰቅል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ፤ እሷ ቀድማው ሄዳ ነበር፣ እዚያ ሲደርስ ግን አጣት። ስትወጣ አይተናት ነበር አሉት የሥራ ጓደኞቿ። ሲመለስ እናቱ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እንደ ዘበኛ ተቀምጬልሃለሁ። ዝንብ አላለፈም!»

እውነቷን ነው፣ በሷ በኩል ዝንብ አላለፈም። ክፍሉ ግን በጓሮ በኩልም በር ነበረው።

በቀዩ ብርሃን ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ ነከረው። ምስሉ ቀስ ብሎ ይመጣ ጀመር፤ እንደ ልማዱ ተገልብጦ፣ ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ። መጀመሪያ የጣሪያው መስታወት፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ አግዳሚው። አግዳሚው ላይ የሆነ ነገር አለ። ወረቀቱ ተበክሏል ብሎ አሰበ። ሳህኑን ወዘወዘው። ነገሩ እየጠራ ሄደ።

ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ፊቱ ደብዝዟል፣ እሱ ረግቶ መቀመጥ አይችልበትም። ሁለተኛዋ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ተንፍሳለች፤ ምንም አልተነቃነቀችም። ጉልበቷ ላይ የቼክ ኮፍያ አለ።

ወንድሙ ኮፍያውን ለማን እንደሚያወልቅ አወቀ።

ቢሳሳሙ፣ ቢላፉ ኖሮ ምንም ባልታየ ነበር። የያዛቸው ዝምታቸው ነው። ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ባልና ሚስት ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። እሱ ያንን ያህል ጊዜ ከእሷ ጋር ዝም ብሎ የተቀመጠው ለፎቶ ብቻ ነበር።

ለማንም አልተናገረም። ከእናቱ ጋር ሻይ ጠጣ። ወንድሙ «የሌሊት ወፍ፣ ባዶው ክፍል እንዴት ወጣ?» ብሎ ሲጠይቀው «ገና አላተምኩትም» አለ።

ኤግዚቢሽኑ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት እሷ የቀሩትን ፎቶዎች ልትወስድ መጣች። ወንድሙ ፍሬሞቹን መኪናው ላይ እየጫነ ነው። እሱ በጨለማ ክፍሉ በር ብቅ ብሎ፣ «ነይ፣ የመጨረሻው ሲወጣ እዪ» አላት።

ገብታ ከጎኑ ቆመች። በሩን ዘጋ። ተገልብጦ የነበረውን ምስል በሌላ ወረቀት ላይ ካተመው በኋላ ወረቀቱን ነከረው፤ አሁን ሁሉም እንደ መልኩ ነው የሚወጣው።

«ደረጃው ደስ ሲል!» አለች። ከዚያ አግዳሚው መጣ።

ትንፋሿ ሲቆም ሰማ። ማንም ሳይደግፋት ደርቃ ቀረች።

«ሰው አይወጣም ብለኸኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«የሚንቀሳቀስ ሰው አይወጣም። የምትንቀሳቀሱ መስሎኝ ነበር።»

«ልትሰቅለው ነው?»

«እናቴ ትመጣለች እኮ። ልጆቿን ልታይ ነው የምትመጣው።»

እጇ ወደ እጁ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቀረ። ከውጭ ወንድሙ ክላክስ አደረገ፤ «ኧረ ቶሎ በሉ! እዚያ ውስጥ ልትወልዱ ነው?»

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አላት።

ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተከለች።

«ከመጠየቄ በፊት ነው፣ በኋላ?»

ቀዩ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር፤ በዚያ ብርሃን ሰው ይገርጣ ይቅላ አይታወቅም።

«እሺ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪው» አለ። «መልስሽ ለዛሬ ነበር የተቀጠረው። እኔ እኮ አሁንም… አሁንም እየጠበቅሁሽ ነው።»

ወረቀቱን ከፈሳሹ አወጣ። ምስሉን የሚያጸናው ሌላ ፈሳሽ ነው፤ ያኛው ሳህን ባዶውን ተቀምጧል፣ ሆን ብሎ አልሞላውም። በሩን ከፈተው። የቀኑ ብርሃን እርጥቡ ወረቀት ላይ ወደቀ፤ መጀመሪያ ነጩ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ባሕሩ ጠቆረ፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ሁለቱ ሰዎች። እንደ ክሰል እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«አሁን ካንቺና ከእኔ በስተቀር ያየው የለም» አላት። «የፈለግሽውን መናገር ትችያለሽ።»

አፏን ከፈተች። ጠበቃት። ከንፈሯ አንድ ቃል ሊይዝ ሲል ለቀቀው።

ነጠላዋን ከሚስማሩ አንስታ ወጣች። ባንኮኒው ጋ ስትደርስ እናቱ በአዲስ ቀሚሷ ቆማ፣ «ልጄ፣ እንዴት ነኝ? አማረብኝ?» አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት፤ ከወትሮው ረዘም አድርጋ።

ወንድሙ የመኪናውን በር ከፍቶ ጠበቃት። «ግቢያ!»

በአጠገቡ አለፈች። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመውን ታናሹን፣ ከዚያም እጁ ላይ ያለውን ጥቁር ወረቀት አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቦታ አጣ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አለች እናት ከደጃፉ። «ቤተ መጻሕፍቱ በዚያ አይደለም እኮ። ልጆች! ምን አላችኋት?»

ልጅቷ መንገዱን ተሻገረች፣ በመንገደኞቹ መሃል ገባች፣ ሳትፈጥን፣ ሳትዞር ሄደች።