ባሕር የሌላት ከተማ

የኒዛር ፊት ቀልቶ ነበር። አቢርን ያታለላት ያ ቅላት ነው። የእንግዳ ማረፊያውን ቤት የሚጠግነው መብሩክ ከውስጥ የተቀረቀረውን በር በትከሻው ገንጥሎ ሲገባ፣ እሷ በጎኑ ሾልካ አልጋው ዘንድ ደረሰች። ባሏ በጎኑ ተኝቷል፤ ጉንጩ ከሐማም እንፋሎት እንደወጣ ሰው ፍም መስሏል። «ይበቃል ኩርፊያው» አለችው። ትከሻውን ስትነካው ነው ቅዝቃዜው አጥንቷ ድረስ የገባው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆራርጣ ነው የምታስታውሰው። ሰው ሁሉ በአክብሮት «ላላ» የሚላቸው የቤቱ ባለቤት ላላ ዙሊኻ ወገቧን ይዘው ወደ ግቢው ሲያወጧት፤ ሌላው እንግዳ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪው ያኒስ፣ ሐኪም ሊጠራ በባዶ እግሩ ቁልቁለቱን ሲሮጥ፤ መብሩክ ከክፍሉ ውስጥ «ጋዙን ዘግቻለሁ፣ መስኮቱንም ከፍቻለሁ» እያለ ሲናገር።

ሐኪሙ ብዙ አልቆየም። «ማሞቂያው ነው» አለ እጁን እየታጠበ። «ጭሱ መውጫ ሲያጣ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ክረምት በመጣ ቁጥር የምናየው ነው።»

ላላ ዙሊኻ ነደዱ። «በኔ ቤት? ማሞቂያው ገና አዲስ ነው፤ ባለሙያም አይቶታል። ፖሊስ ይምጣና ቱቦውን ሰገነት ላይ ወጥቶ ይይ። እኔ በማላውቀው ነገር ስሜ አይጠፋም።»

መብሩክ የአማቱን ትከሻ ዳበስ አደረገ። «ይረጋጉ እማ። እስኪመጡ እኔ እሱ ዘንድ ልቀመጥ። ሬሳ ብቻውን አይተውም።»

አቢር በልቧ መረቀችው። የላላ ዙሊኻ ልጅ ባል ነው፤ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ሆስፒታል ተኝታለች። እንዲያም ሆኖ እሷና ኒዛር ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲደርሱ ሁለቱንም ሻንጣ ተቀብሎ ደረጃውን የወጣው እሱ ነበር።

ኢንስፔክተር ፈዲላ ጉንጯን በመሐረብ አሥራ መጣች። ጥርሷ ሲመታት አድሮ ቅርንፉድ ታኝካለች። ክፍሉን አየች፣ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ወረደች። ከኋላዋ አንድ ወጣት ፖሊስ በላስቲክ ከረጢት አረንጓዴ ሻርፕ ይዞ ወረደ። የጭስ መውጫው ቱቦ አፍ ላይ ተወትፎ ነው የተገኘው።

አቢር ብድግ አለች። «አንቺ፣ የኔ ነው፤ ስጪኝ» አለችው።

ወጣቱ ፖሊስ የተጠራችውን ሴት ፍለጋ ወደ ኋላው ዞረ። ፈዲላ በደህናው ጉንጯ ፈገግ አለች። «አትዙር፤ አንተኑ ነው» አለችው፤ ከረጢቱን ግን ራሷ ተቀበለች። ከፈት አድርጋ አሸተተች፣ የሻርፑን ጫፍ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ መልሳ አሰረችው።

ከዚያ ሁሉንም እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ብርቱካኑ ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እየሰማ ጠየቀቻቸው።

«ትናንት ምን አጣላችሁ?» አለቻት ከአቢር ጀምራ።

«ጥሎኝ እየሄደ ነዋ።» አለች አቢር። «ጉዞው የሠርጋችን ስጦታ ነው አለኝ። ከአገራችን ከቢዘርት ተነሥተን፣ ድንበር ተሻግረን አናባ፣ ከዚያ ስኪክዳ፣ ከዚያ እዚህ ኮንስታንቲን። ወደፊት ደግሞ አልጀርስ፣ ወህራን፣ ትለምሰን። የአልጄሪያን ከተሞች አንድ በአንድ አሳይሻለሁ ብሎኝ። ከተማ በገባን ቁጥር ካፌ ያስቀምጠኝና ‹መጣሁ› ብሎ ይጠፋል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ልብሱ ዘይት ዘይት እየሸተተ። ሴት ናት አልኩ። ስጠይቀው የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው እየፈለግሁ ነው ይለኛል። ጀልባ የለን፣ ሞተር የለን።»

«እዚህም ፈለገ?»

«እዚህም። ትናንት ሲፈልግ ዋለ።»

ፈዲላ ማኘኳን አቆመች። «ኮንስታንቲን ከመቼ ወዲህ ነው ባሕር ያላት?»

«እኔም ይህንኑ ብዬ ነው የተጣላሁት። እየዋሸኝ መስሎኝ። ከእራት በኋላ ጥዬው ወጥቼ ላላ ዙሊኻ ክፍል አደርኩ። በሩን ከኋላዬ ሲቀረቅር ሰምቼዋለሁ፤ እልኸኛ ነው።» እንባዋ መጣ። «አብሬው ባድር ኖሮ እነቃ ነበር።»

«አትነቂም ነበር። ሁለት ሬሳ ነበር የማነሣው።» ፈዲላ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። «ተጣልታችኋል። ሻርፑ ያንቺ ነው። ካደራችሁበት ሌሊት ሁሉ አንቺ ክፍሉ ውስጥ ያልነበርሽው ትናንት ብቻ ነው። አለቃዬ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ያስሩኝ» አለች አቢር። «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? ወደየት ነው የምመለሰው?» የምሯን ነበር። አሁን ቢጎትቷት እግሯ እንኳ እንደማይቃወም ተሰማት።

ያኒስ ጣቶቹን እያንቋቋ ቀረበ። እራት ላይ ከኒዛር ጋር ቃላት ተለዋውጠው ነበር። «ሚስቱን የሳልኩበት መስሎት ነው። የሳልኩት የቤቱን በር ነው፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። በኋላ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል።»

«ከዚያ በኋላስ ድምፁን አልሰማህም?»

ያኒስ ወደ አቢር ሰረቅ አድርጎ አየ። «ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ስተኛ እዚህ ግቢ ውስጥ ሲቆጣ ሰማሁ። ‹አንቺ ራስሽ እናቴ ፊት ቀርበሽ ትነግሪያታለሽ፤ እስክትነግሪያት አለቅሽም› አለ። መልሱን አልሰማሁም።»

«ለኔ እንዲህ ያለ ቃል አልተናገረኝም» አለች አቢር። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ላላ ዙሊኻ እንኳ እጃቸውን ከጉልበቷ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። ያቺ እጅ ስትነሣ አቢር ብቻዋን መቅረቷ ገባት።

«እርስዎስ ላላ» አለች ፈዲላ፣ «ትናንት ማታ ስትመጣብዎ ምን ለብሳ ነበር?»

«ምን ትለብሳለች፣ በዚያ ዝናብ ራሷን እንኳ ሳትሸፍን። የራሴን ሻል ነው ያለበስኳት፤ ይኸው እስካሁን ትከሻዋ ላይ ነው። ስታለቅስ ነው ያነጋችው፤ ከጎኔ ንቅንቅ አላለችም። ውሸት ለምን እናገራለሁ።» ተነፈሱ። «ሁላችንም ራሳችንን ስተናል ልጄ። መብሩክን ብታዪው። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት የወለል መወልወያውን ጨርቅ አጥቦ ሰገነት ላይ አሰጣው። ድንጋጤ ሰውን እንዴት ያደርገዋል።»

«በወጥ ቤት ሥራ አያግዝዎትም?»

«ሰርዲን የተገዛ ቀን ብቻ። እኔ በቢላዋ አንዷን እስካጸዳ እሱ በአውራ ጣቱ እየሰነጠቀ ሙሉ ሳህን ይጨርሳል።» ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

የመጨረሻው መብሩክ ነበር። ረጋ ብሎ ተቀመጠ።

«አገርህ የት ነው?»

«ቢስክራ። የበረሃ ሰው ነኝ። ባሕር የሚባለውን በቴሌቪዥን ነው ያየሁት።»

«ስለ ባሕር አልጠየቅሁህም።»

«ስለ ጀልባ ሲወራ ሰምቼ ነው።»

«ከሟቹ ጋር አውርተሃል?»

«ደህና ዋል፣ ደህና እደር፤ ሌላ የለም።» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሰው አልከስም። የባልና የሚስት ነገር የራሳቸው ነው። ግን ሻርፕ እግር የለውም፤ ብቻውን ሰገነት አይወጣም።»

«ትክክል ብለሃል» አለች ፈዲላ። «እግር የለውም።»

ተነሥታ ዛፉን አንድ ጊዜ ዞረችው። አቢር የሚሆነውን ያወቀች መስሏት ሁለት እጆቿን አጋጥማ ዘረጋች።

«አስቀምጪያቸው» አለቻት ፈዲላ። ወጣቱን ፖሊስ የመንገዱን በር እንዲዘጋ በዓይኗ ነገረችው። «ሁላችሁም ስሙኝ፤ ጥርሴ ሳይብስብኝ ልጨርስ። ዝናቡ ያባራው ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው። ይህ ሻርፕ ሲገኝ ጫፉ ከቱቦው ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። እዚያ ያደረ ቢሆን ሲጨመቅ ውሃ ይወርደው ነበር። እኔ ስይዘው ግን ደረቅ ነው። ጭስም አልገባበትም፤ እስካሁን ሽቶ ሽቶ ይላል። ስለዚህ ሻርፑ ማንንም አልገደለም። የተወተፈው ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ታዲያ ማን ወተፈው?» አለ ያኒስ።

«መጀመሪያ የት ነበር በል። አቢር ከክፍሉ የወጣችው ራሷን ሳትሸፍን ነው፤ ላላ ነግረውናል። ሻርፑ ውስጥ ቀርቷል። ኒዛር ሌሊት ከግቢው ሲመለስም ከውስጥ ቀርቅሯል። በሩ እስኪገነጠል ድረስ ያንን ሻርፕ ማውጣት የሚችል ሰው አልነበረም። ከተገነጠለ በኋላስ? አቢር በላላ ዙሊኻ ክንድ ውስጥ ናት። አንተ ከሐኪሙ ጋር ተመልሰህ እዚሁ ግቢ ውስጥ ተቀምጠሃል። ሬሳ ብቻውን አይተውም ብሎ ክፍሉ ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው።»

መብሩክ ወደተዘጋው የመንገድ በር አየ።

«ሌሊቱን ቱቦውን የዘጋው እርጥብ የወለል ጨርቅ ነው። አደጋ ተብሎ ያልፍ ነበር። ላላ ቱቦው ይታይልኝ ሲሉ ግን ጨርቁ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። ቱቦው ተዘግቶ እንደነበር የሚያጋልጥ ጥላሸት አፉ አጠገብ ስለቀረም የሚጠረጠር ሌላ ሰው አስፈለገ። ጨርቁን ሰገነቱ ላይ ስወጣ አይቼዋለሁ። ሳሙናው አላስለቀቀውም፤ መሐሉ ላይ የቱቦው አፍ ክብ ሆኖ ጠቁሯል።»

«እኔ ነኝ እንዴ ያልኩሽ?» አሉ ላላ ዙሊኻ በቀጭን ድምፅ። «ስለ ጨርቁ እኔ ነኝ?»

ፈዲላ ፊቷን ወደ ተማሪው አዞረች። «ያኒስ፣ አንተ የሰማኸው እውነት ነው፤ የተረዳኸው ግን ስህተት። እኛ አገር ‹አንቺ› ለሴት ነው። ቢዘርት ውስጥ ለወንዱም ለሴቱም ‹አንቺ› ነው የሚሉት። ጠዋት አቢር ይህን ጎረምሳ ፖሊሴን አንቺ ስትለው አልሰማህም? ሰዓቱ ደግሞ አቢር ላላ ክፍል ከገባች በኋላ ነው። አንተ እንግዲያ ክፍልህ ነህ። ግቢው ውስጥ የነበረው ወንድ ማነው?»

ያኒስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ባሕር በሌለባት ከተማ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ የሚፈልግ ሰው፣ የሚፈልገው ከባሕር የሸሸ ሰው ነው። እኔ የስኪክዳ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። ባሕርን በቴሌቪዥን ብቻ ያየ ሰው ሰርዲን በአውራ ጣቱ አይሰነጥቅም።» ወደ አቢር ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ባልሽ ባሕር ላይ የቀረበት ሰው አለ?»

«ወንድሙ» አለች አቢር። «ዋኤል። እኛ ሳንተዋወቅ ነው። በጀልባ ወደ ሰርዲኒያ ሲሻገር ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘ። የተነሡት ከ...»  ከአናባ ነበር የተነሡት። ሴት ፍለጋ ነው ብላ ስትሰድበው ያመሸችው ሰው በየከተማው ወንድሙን የጣለውን ሰው ዱካ ሲከተል ነበር።

መብሩክ ከወንበሩ ወርዶ ድንጋዩ ወለል ላይ ተቀመጠ። «ሞተሩ ቆመ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ነጂውም ጠጋኙም እኔ ነበርኩ፤ አቃተኝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ደረሰልን፤ ጀልባው ትንሽ ናት፤ አንድ ሰው ብቻ እወስዳለሁ አለ። እርዳታ ይዤ እመጣለሁ ብያቸው ተሳፈርኩ። እውነቴን ነበር። ወደብ ስደርስ ግን ብናገር እንደምታሰር አሰብኩ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ የሚናገሩለት ሰው አልቀረም።»

መብሩክ መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ኒዛር ከዓሣ አጥማጁ ሰምቶ ነው የደረሰብኝ፤ ፖሊስ ግን አልጠራብኝም። እናቴ ፊት ቀርበህ ልጇ እንዴት እንደቀረ ንገራት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነው ያለኝ። እኔ ልጄ ሊወለድ ነው። አንዴ አፌን ከከፈትኩ ሁሉም ነገር...» ቀና ብሎ አቢርን አያት። «አንቺ ክፍሉ ውስጥ ብትሆኚ አላደርገውም ነበር። ስትወጪ አይቼ ነው።»

«እሱን እሷ ላይ አትጫን» አለች ፈዲላ፣ በካቴና እጁን እያሰረች። ቃሉ ግን ተጭኗል። አቢር ከአሁን ጀምሮ እስክትሞት ተሸክማው እንደምትኖር አወቀች።

ላላ ዙሊኻ አልጮኹም። ነጠላ ጫማቸውን ፈልገው አደረጉና መልሰው አወለቁ። «ልጄን ጠዋት ሆስፒታል ልጠይቃት እመጣለሁ ብያታለሁ» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ምን ብዬ ልግባ?»

ፈዲላ እስረኛውን ልታስነሣ ስትል አቢር መንገዱ ላይ ቆመች። ከኒዛር ክፍል የወጡት ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ስልኩን ጠቆመች። «እናቱ ጋ ልደውል። ስለ ኒዛር እኔ እነግራታለሁ። ስለ ዋኤል እሱ ይንገራት።»

ይህ በሕግ እንደማይፈቀድ ሁሉም ያውቁታል። ፈዲላ ጉንጯን ይዛ ትንሽ አሰበችና ስልኩን አቀበለቻት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራው። ሴትዮዋ ስልኩን እጃቸው ላይ ይዘው የተቀመጡ ይመስላል።

«ልጄ» አለ ያረጀ ድምፅ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ሰውየው ተገኘ?»

አቢር ዓይኗን ጨፈነች። እናትየው ያውቁ ነበር። በሠርጓ ማግስት ሻንጣዋን አብረዋት እያዘጋጁ፣ አቅፈው እየሳሙ፣ ያውቁ ነበር። ለጉብኝት የወጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ተገኝቷል፣ እማ» አለችና ስልኩን ወደ መብሩክ አፍ አስጠጋችው።