ግራ በሩ የጎደለው ላንድሮቨር

መካኒኩ ገብረኪዳን፣ ከራሱ ጋራዥ ውስጥ፣ አራት ወር ሙሉ ሲያክመው ከኖረው አሮጌ ላንድሮቨር ሥር ተንጋልሎ ሞቶ ተገኘ። ክሪኩ ከቦታው ተነቅሎ መኪናው ደረቱ ላይ አርፏል። የኅዳር ውርጭ ሌሊቱን ደብረ ብርሃንን ሲቀጣ ስላደረ፣ ከመኪናው ሥር የተደፋው ውሃ በረዶ ሆኖ የሟቹን እጅጌ ከሲሚንቶው ጋር አጣብቆታል።

ሃምሳ አለቃ አልታየች ተንበርክካ የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጅጌውን ነበር። ደሙ ከበረዶው ሥር አለ፤ ከበረዶው በላይ ግን ጠብታ የለም።

እሷ የመጣችው ወዳ አልነበረም። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ወንዶች «ቀበሌ አለበት» ሲባሉ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጉንፋን ያዛቸው።

«ምኑን ነው እንዲህ የምታነቢው ጓድ?» አለ ከኋላዋ የቀበሌው ሊቀመንበር ገብረአብ። «ገዳዩን ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያ ይዘነዋል። ነጋዴ ነው፤ አሻጥረኛ። እስከ ስድስት ሰዓት ፈርመሽ አስረክቢን፤ አብዮታዊ እርምጃ እንወስድበታለን።»

«ፊርማዬ ቅርብ ነው፤ እጄን ግን ውርጭ መትቶታል። ትንሽ ፀሐይ ይምታው።»

ነጋዴው ዓወል እጁ የፊጥኝ ታስሮ፣ በሁለት አብዮት ጥበቃዎች መካከል፣ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጧል። ለስድስት ሰዓት የቀረው ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር።

«ትናንት መቼ መጡ አቶ ዓወል?»

«አሥር ተኩል ላይ። ወላሂ ደህና ነበር እህቴ! ጮኸብኝ እኮ፤ የሞተ ሰው ይጮሃል?»

«በምን ተጣላችሁ?»

«መኪናዬን ስጠኝ አልኩታ! የመዘዞ ባላባት ንብረት የነበረ ነው፤ ሲወረስ በሐራጅ ገዛሁት። ከአልዩ አምባ ገበያ ለአራት ወር የጠፋሁት ይሄ ሰው ቀለም በጥፍሩ ሲፍቅ ነው። አዲስ በር ግጠምልኝ ስለው፣ ‹የሚድን ነገር አልጥልም› ይለኛል። ትናንት ደግሞ ‹ግራው በር ከዚህ አይወጣም› አለ። ለምን ብለው ጮኸብኝ።»

አልታየች ዞር ብላ አየች። የመኪናው ግራ በር ቦታው ላይ የለም፤ በጋራዡም ውስጥ የለም።

«ሲሄዱ ውሃውን አፍስሰው ሄዱ?»

«የምን ውሃ?»

«የራዲያተሩን።»

«ይፈስሳል እንዴ?» ዓወል ጭንቁን ለአፍታ ረሳው። «እኛ ቆላ ውስጥ እንጨምርለታለን እንጂ!»

ላሜራ ቀጥቃጩ ብርሃነ መስቀል አስከሬኑን ያገኘው ሰው ነው።

«ከገብረኪዳን ጋር ስትጨቃጨቁ ነበር አሉ።»

«በየቀኑ ነዋ! እኔ ስቱኮ ለጥፈን እንቀባውና ይብረቅረቅ እላለሁ። እሱ ደግሞ አሮጌውን ቀለም ካላተረፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። በቀለም ሰው ይገደላል ሃምሳ አለቃ?»

«ባነሰም ተገድሏል። ማታ ማታ ውሃውን ማን ነው የሚያፈስሰው?»

«እሱ፤ ጋራዡን ሲዘጋ። ውርጩ ሞተሩን እንዳያፈነዳው። ማፍሰሻ አጣንለት፤ ስለዚህ የታችኛውን ጎማ ቱቦ በካቻቢቴ ፈትተን ነው። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ አስነስተነው ነበር፤ እኔ ስወጣ ሙሉ ነው።»

ጎንበስ ብላ ቱቦውን አየች። ማሰሪያው ላይ የተጋገረው አቧራ እንኳ አልተነካም። ከግራው ጎማ ጀርባ ግን አንዲት የተበየደች ላሜራ ነበረች፤ ከጫፏም እንደ ጣት የቀጠነ በረዶ ተንጠልጥሏል። እጇን ከላሜራዋ ጀርባ ስትሰድ ትንሽ ማፍሰሻ አገኘች፤ እንደተከፈተች ነበረች። ዘጋቻትና በረዶውን ሰብራ ጣለችው። ስትነሳ ማንም ወደሷ አያይም ነበር።

የሟቹ ሚስት እናናየሁ እንባዋ ደርቆባት ከግድግዳው ተደግፋለች። የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ አንድ ጥይትና የተቃጠለ የካኪ ቁራጭ አሳየቻት።

«ከበሩ ሆድ ያወጣው ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀለሙን ሲፍቅ የተደፈነ ቀዳዳ አገኘ፤ ከውስጥ በኩል የተተኮሰ። ‹በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ገበሬ ሊያስተምር ዘምቶ መዘዞ ላይ የጠፋው ተማሪ ልብስ ነው› አለኝ። ‹ለሚመለከተው ላመልክት› ብሎ ትናንት ጧት ወጣ። ለማን እንዳመለከተ አልጠየቅሁትም። ምነው በጠየቅሁት!»

አልታየች ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች።

«እርስዎስ ጓድ፣ ይህን መኪና ያውቁታል?»

«እኔ የጭሰኛ ልጅ ነኝ!» አለ፣ ጠባቂዎቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መኪና የማውቀው ሲያልፍ ባጠጣኝ አቧራ ነው።»

አምስት ሰዓት ሲሆን አስከሬኑ ተነሥቷል፤ በረዶውም ቀልጦ ደርቋል። አልታየች ራዲያተሩን በባልዲ አስሞልታ ሁሉንም ከመኪናው ዙሪያ አቆመች። የዓወልንም እጅ አስፈታች።

«ዛሬም ውርጭ አይቀርም» አለች። «ጎማ ቱቦውን ሳትነኩ ውሃውን አፍስሱልኝ። ተራ በተራ።»

ዓወል ኮፋኖውን ከፍቶ የራዲያተሩን ክዳን ነካ ነካ አደረገ። «ከላይ ነው?» ሲል አንደኛው ጠባቂ ሳቁን መያዝ አቃተው። ብርሃነ መስቀል ከፊት ለፊት ተጋድሞ ሥር ሥሩን በእጁ ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ። «ማፍሰሻ የለውም አልኩዎት እኮ!»

«ቀጥሎ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እኔ ደግሞ ምን ቤት ነኝ?»

«እርስዎ ከሕዝቡ አይደሉም?»

ጠባቂዎቹ እያዩት ነበር። ገብረአብ ተነጫንጮ በግራው ጎማ በኩል ተንበረከከ፤ እጁን ከላሜራዋ ጀርባ ሰደደ፤ ጥርሱን ነክሶ ታገለ፤ በመጨረሻም እጁን አውጥቶ አራገፈ።

«እምቢ አለ። ዝጓል።»

«ምኑ ነው የዛገው?» አለች አልታየች።

ገብረአብ ከጎማው ሥር ተነሣ።

«አቶ ዓወል ፈልገው አጡት፤ ብርሃነ መስቀል አራት ወር ሲሠራበት ኖሮ አጣው። እርስዎ መክፈት እንዳቃተዎ ማስመሰሉን አልረሱም፤ የረሱት መፈለጉን ነው።» ድምፅዋን አልጨመረችም። «ውሃው የፈሰሰው ገብረኪዳን ከሞተ በኋላ ነው፤ በረዶው ከደሙ በላይ ነበር። አቶ ዓወል ውሃ እንደሚፈስስ እንኳ አያውቁም። ብርሃነ መስቀል ቢሆን በቱቦው ያፈስስ ነበር፤ ቱቦው አልተነካም። የፈሰሰው በዚህች በተሸሸገች ማፍሰሻ ነው። ይህችን የሚያውቃት መኪናውን መዘዞ ላይ ሲነዳ የኖረው የባላባቱ ሾፌር ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ሰው ገድሎ ለሞተሩ አዘነ፤ ባለቤቱ አቶ ዓወል ሲረሸኑና መኪናው ሲወረስ ማን ሊነዳው ነው?»

«ውሸት ነው!»

«ገብረኪዳን ‹ለሚመለከተው› አለ። ለቀበሌው ሊቀመንበር አመለከተ፤ የሚያመለክተው ተማሪውን መኪናው ውስጥ ለተኮሰበት ሰው መሆኑን ግን አላወቀም። እርስዎም ማታ መጡ፤ ክሪኩን መቱ፤ በሩን ይዘው ሄዱ።»

«ያዟት!» ሲል ጮኸ ገብረአብ። «ፀረ አብዮት ናት!»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ጠመንጃውን አነሳ። ሁለተኛው፣ ገብረ ሕይወት የሚባለው፣ የጓዱን አፈሙዝ በመዳፉ ወደ መሬት ገፋው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ፊቱ ዐመድ መስሎ፣ «ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያሸከሙኝ በር የዚህ መኪና ነው? ‹ተወርሷል፣ መጋዘን አስገባ፣ አፍህንም ዝጋ› አሉኝ። እኔ እኮ መካኒኩ ጋራዡ ውስጥ በሕይወት ያለ መስሎኝ ነው።»

የመጀመሪያውም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መለሰ፤ ሁለቱ ጠባቂዎች ገብረአብን መካከል አስገብተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። እናናየሁ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀመጠች፤ እንባዋ የመጣላት ያን ጊዜ ነው።

«አቶ ዓወል፣ ይሂዱ። ነፃ ነዎት።»

ዓወል አልተነቃነቀም። ከግቢው ደጅ የሊቀመንበሩ ሰዎች ተኮልኩለዋል፤ አንዳንዶቹ ታጥቀዋል።

«በነሱ መሀል እንዴት ብዬ ነው የማልፈው እህቴ?»

«ከኔ ጋር።»

ጎን ለጎን ወጡ። ማንም መንገድ አልዘጋባቸውም፤ ማንም ግን ፈቅ አላለላቸውም፤ ትከሻ ለትከሻ እየታከኩ አለፉ። ወደ አንኮበር የሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ዓወል ከወጣ በኋላ ጎንበስ ብሎ አያት።

«አንቺንስ ማን ያሳልፍሻል?»

«እኔው» አለች።

መኪናው እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ቀበቶዋን ጠበቅ አድርጋ ዞረች። ሰዎቹ ገና አልተበተኑም ነበር።