የሃምሳ አምስት ደቂቃው መንገድ

በሰማይ ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ ሃምሳ አምስት ደቂቃ። በመኪና ሰባት ሰዓት፤ ያውም መንገዱ ከቀና። በትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ የመረጃ ክፍል የምትሠራው ልጅ ይህን ለመንገደኛ በቀን አሥር ጊዜ ትናገራለች። ከዓመት በፊት አንድ ወጣት ይህንኑ ጠየቃት፤ መለሰችለት፤ ከፊቷ ግን አልሄደም።

«ሌላ ነገር ነበር?» አለችው።

«ነበር፤ ግን ረሳሁት» አለና አቀርቅሮ ሳቀ።

ወጣቱ በመንገዱ ማዶ ጫፍ ባለው ማረፊያ የአየር ጠባይ ተንባይ ነው። ባልደረቦቹ «ደመናው» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ሳይደዋወሉ የዋሉበት ቀን የለም። በዓይን የተያዩት ግን አምስቴ ብቻ ነው።

አባቷ አልወደዱትም። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

«ርቀትን ለእኔ አትንገሪኝ፣ ልጄ። እናትሽ ናት ብቻዋን ያሳደገችሽ፤ እኔ ለቤቴ እንግዳ ነበርኩ። ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል።»

«እሱ እንደዚያ አይደለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይምጣና ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።»

ለቅዳሜ ተቀጠረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወለላት።

«ተሳፈርኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ይህን የምልሽ ደግሞ እኔ ነኝ!»

ሃምሳ አምስት ደቂቃው ሞላ። አውሮፕላኑ የለም። አራት ከሩብ ሆነ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጭጋግ ሜዳውን ዋጠው። ሰው ሊቀበሉ የመጡት ከበቧት።

«ትንሽ ዘግይቶ ነው» ትላለች፤ ድምጿ የራሷ አይመስልም።

አምስት ሰዓት ላይ የመቆጣጠሪያ ማማው ሠራተኛ ደወለላት። «ጭጋጉ አላሳርፍ ስላለው ተመልሶ በሰላም አርፏል። እስከ ነገ ሌላ በረራ የለም።»

እፎይ አለች። ግን ብትደውል የልጁ ስልክ ዝግ ነው። ስድስት ሰዓት፣ ዝግ። ስምንት ሰዓት፣ ዝግ። ፈርቶ ይሆን? ሰበብ አግኝቶ ይሆን?

ቤት ስትገባ አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ምነው፣ ቀረ?»

«አውሮፕላኑ ተመለሰ።»

«እህ» አሉ። ያቺ «እህ» ከስድብ በላይ አመመቻት።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። አባትየው ከፈቱ። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ የለበሰ ሰው ቆሟል።

«ይቅርታ አባቴ፣ ዘገየሁ። የስልኬም ባትሪ አልቆብኝ ነው። ሽንኩርት የጫነ መኪና ለምኜ መጣሁ።»

ልጅቷ ከአባቷ ኋላ ሆና አየችው።

«በዚያ በጠመዝማዛው አቀበት?» አሉ አባትየው።

«አዎ።»

«ነገ አውሮፕላን የለም እንዴ?»

«አለ። ግን ልጅዎ ደቂቃ ስትቆጥር እንደምትውል አውቃለሁ። እንዴት አስችሎኝ ልደር?»



«ያን አቀበት ስንቴ ወጥቼ ወርጄዋለሁ» አሉ አዛውንቱ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «እናቷ ትጨነቃለች ብዬ የፈጠንኩበት አንድ ቀን የለም።»

ከዚያ ሻንጣውን ከትከሻው ላይ አወረዱለት።

«ግባ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆምሃል?»

ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ያፈነችው እንባ ያኔ ገነፈለ።