ነጭ ጣት ተራራ ሲሻገር

ነርሷ የፍሪጁን በር ከፍታ አራቱን ብልቃጦች ስታወጣ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ከዷት። መጀመሪያ የቀለበት ጣቷ ጫፍ፣ ቀጥሎ መሀለኛው፣ ከዚያ ትንሿ፤ ደማቸው ወደ ኋላ ሸሸና ሦስቱም ዱቄት የነኩ መሰሉ። ብልቃጡን መያዟን የምታውቀው በዓይኗ ብቻ ነበር። ብልቃጦቹን በረዶ በተደረደረበት የክትባት ሳጥን መሃል አስቀመጠች፣ ክዳኑን ገጠመችና እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

በሩ ላይ የቆመው በቅሎ ነጂ ግን አይቷታል። ሰው ሁሉ ቶሎ ይለዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቶሎ ብሎ ስለማያውቅ።

«ሲስተር፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ብርድ ሲነካው እንዲህ ይላል።»

«እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ካለ እላይ ምን ሊል ነው?»

ለብልቃጦቹ ብላ ያወለቀችውን ጓንት መልሳ አጠለቀች። ጣቶቿ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ ይነጣሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ደሙ ሲመለስ ደግሞ ቀልተው እንደ እሳት ይለበልቧታል። አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት ክንዳቸውን ስትይዝ «የሬሳ እጅ ነካኝ» ብለው ከወንበራቸው ተነሥተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ በጋ ከክረምት ጓንት አታወልቅም፤ ለጠየቃት ሁሉ ሳሙና አይስማማኝም ትላለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢያውቅ መርፌ ቀምቶ ካርድ ክፍል እንደሚያስቀምጣት እርግጠኛ ነበረች። ለወንድሟ እንኳ ነግራው አታውቅም።

አሁን ግን ሞት ላይ ያለው ያው ወንድሟ ነው። ከተራራው ማዶ ባለው የማዕድን ካምፕ ድንጋይ ይሰረስራል። ትናንት በሬዲዮ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፤ ያሳደገው ቡናማ ውሻ አብዶ ነክሶታል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ገመድ እንደታሰረ ወደ ተራራው ጠፍቷል። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይባላል፤ ይህ ውሻ ግን ለተረቱ እንኳ አልተጠነቀቀም፣ የቦጨቀው ባቱን ነው። ልጁ መራመድ አይችልም። የመኪናውን መንገድ ናዳ ወስዶታል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ መቅደም አለበት፣ ቀን እየቆጠሩም አራት ጊዜ መወጋት ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያው ያለው አራት ብልቃጥ ብቻ ነበር። ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ከከተማ ይመጣል ተብሏል።

ስለዚህ ወጡ።

ሸለቆው እንደ ምድጃ ይጋረፍ ነበር። ነርሷ በየመታጠፊያው ሳጥኑን ዞራ ታያለች።

«ጋሼ ቶሎ፣ ከፀሐይ አዙሩልኝ። ቅዝቃዜው እንዳይለቀው። ከሞቀ አለቀልን።»

«እሺ፣ ሰምቻለሁ።»

«ትንሽ ፈጠን ብንልስ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ቶሎ፤ በቅሎዋም የተስማማች ይመስል እርምጃዋን ቀነሰች።

ከሰዓት በኋላ ዛፉ ሣሣ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ግራጫ ድንጋይና ግራጫ ሰማይ ቀረ። ንፋሱ ከጫፉ ተንደርድሮ ወርዶ ፊታቸውን ሲገርፍ ወፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ዝም አሉ። ነርሷ በጓንቷ ውስጥ ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲጠፉ ተሰማት፤ አውራ ጣቷ ብቻ ቀረ። ከዚያ በረዶው መጣ። መጀመሪያ እንደ ሽምብራ፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል ሆኖ ድንጋዩ ላይ እየነጠረ ወረደ። ቶሎ በቅሎዋን ጎትቶ ከአንድ ዋሻ አስገባቸው። መግቢያው ላይ አጥንት ነበር፤ አጥንቱ አዲስ ነበር። ቶሎ በእግሩ ወደ ደጅ ገፋው።

ጭራሮ አንድደው ተቀመጡ። ደሙ ወደ ጣቶቿ ሲመለስ ሕመሙ ለበለባት፤ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው፣ ከዚያም ድካሙ አሸንፏት ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ነቅታ ሳጥኑን ስትከፍት ውስጡ እስከ አፉ በበረዶ ተጠቅጥቋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺ በረዶ ቀልጦ ነበር» አለ ቶሎ ደስ ብሎት። «ቅዝቃዜው እንዳይለቀው አላልሽም? ከደጅ አፍሼ ሞላሁልሽ።»

ታች ሸለቆው ውስጥ ቅዝቃዜው እንዳይለቀው ደጋግማ ነግራዋለች፤ መቀዝቀዝና መርጋት ለየቅል መሆናቸውን ግን አንዴም አልነገረችውም። ክትባት ሙቀት ያዳክመዋል፣ በረዶ ሆኖ ከረጋ ደግሞ ይሞታል። ብልቃጦቹን አወጣች። ጣቶቿ ምንም ስለማይነግሯት አንድ በአንድ ከንፈሯ ላይ አስጠግታ ነቀነቀቻቸው። ሦስቱ ውስጥ ፈሳሹ ተንቀሳቀሰ። አራተኛው ድንጋይ ሆኗል።

«ገደልኩት?» አለ ቶሎ፤ ድምፁ ተሰባብሮ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ አዘዝኩ እንጂ አላስረዳሁም። ተነሡ እንሂድ።»

ሦስቱን በጨርቅ ጠቅልላ በሸሚዟና በሹራቧ መካከል ያዘቻቸው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ያልፈራችው ነው የደረሰባት፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

በተራራው ሁለት ጫፎች መሃል ወዳለው መሻገሪያ ሲደርሱ ጉም ወረደ። በቅሎዋ በድንገት ቆመች። ጆሮዎቿ ወደ ፊት ተቀስረው፣ ቆዳዋ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

ከዓለቱ ጀርባ ቡናማ ውሻ ወጣ። አንገቱ ላይ ቀይ ገመድ አለ። እንደ ሰካራም ወደ ጎን እየተንገዳገደ፣ መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ አረፋው ደረቱ ድረስ ወርዶ ቀጥ ብሎ መጣ። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። ነርሷን ያስፈራት ዝምታው ነው።

«ልጓሙን ያዢ!»

ልጓሙን ያዘች፤ ጣቶቿ ግን አልያዙም። ጠፍሩ በመዳፏ ውስጥ ሲንሸራተት እያየች ምንም አልተሰማትም። በቅሎዋ ብትፈረጥጥ ገደሉ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ጠፍሩን በእጅ አንጓዋ ላይ ጠመጠመችና በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለች። ውሻው ዘለለ። ጥርሱ ጓንቷ ላይ ተተከለ፣ ጓንቱን ከእጇ መንጭቆ ወሰደና ራሱን እያወዛወዘ ያኝከው ጀመር። ቶሎ በሕይወቱ አንዴ ቶሎ ያለው ያኔ ነው። የበቅሎዋን ማሰሪያ ካስማ ከጭነቱ መዝዞ አንዴ አሳረፈበት፤ መድገም አላስፈለገውም።

«ነካሽ?»

ቀኟን እያገላበጠች አየች። ነጭ ቆዳ፣ አንድም ጭረት የለም። ያም ሆኖ ውሃ አስፈስሳ በሳሙና ደጋግማ አጠበችው። አረፋ የተረጨበትን የግራ ጓንቷንም በካስማው ጫፍ አስወልቃ ገደል አስጣለችው። ከዚያ በኋላ እጆቿ ራቁታቸውን ቀሩ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጉሙ ሳሳ። ከመንገዱ ዳር አንዲት የድንጋይ ጎጆ ታየች፤ ከፊት ለፊቷ ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ጠመንጃ ይዞ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

«ሳጥኑን አውርዱ።»

«የምን ሳጥን?» አለ ቶሎ።

«ሬዲዮ የምትሰሙት እናንተ ብቻ ናችሁ? የውሻውን መድኃኒት። ሚስቴን ክንዷን በጣጥሷታል። ያላችሁን ሁሉ አውርዱ።»

የጠመንጃው አፍ ወደ ነርሷ ዞረ። ጣቶቿ ለብርድ ብቻ ሳይሆን ለፍርሃትም ይገዛሉ፤ ነጩ ከጫፍ ተነሥቶ እስከ መዳፏ ወጣ። ሰውየው ያንን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እጅሽ... አንቺንም ነክሶሻል?»

«አዎ ወንድሜ» አለ ቶሎ ሳያመነታ። «እኔም እየሸሸኋት ነው የምሄደው። ይዟታል፤ እንዳትጠጋት።»

ካፖርታሙ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ከመንገዱ ወረደ። ቶሎ በቅሎዋን ሳበ፣ አለፉ። ነርሷ ሳቋ ሊያመልጣት ደረሰ፤ ዕድሜ ልኳን የደበቀችው ጣት መንገድ ከፈተላት። ካምፑ ከሥር ይታያል። የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ጭሱ፣ ወንድሟ።

ከጎጆዋ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

«ሐኪሟ መጣች? አንተ፣ መጣች እንዴ?»

ነርሷ ያን ድምፅ ባልሰማሁ ብላ ተመኘች። አራት የሚያስፈልገው ወንድሟ ሦስት ነው የቀረለት፤ አንዱ ከወጣ ሁለት ይሆናል። የናት ልጅ ነው፣ ይህችን ሴት ደግሞ መልኳን እንኳ አታውቀውም። ብታልፍ የሚወቅሳት ሰው የለም። በዚህ ሁሉ ተናደደች፤ በሴትየዋ፣ በውሻው፣ በቶሎ በረዶ፣ በራሷ።

«ጋሼ፣ በቅሎዋን አቁሙልኝ።»

«ሲስተር፣ ልብ የለሽም? መንገዱ ተከፍቶልናል እኮ።»

ተመልሳ ወደ ሰውየው ሄደች። ሁለት እጇን ፊት ለፊቱ ዘረጋች።

«አልተነከስኩም። ሕመሜ ብርድ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጣቶቼ እንዲህ ይነጣሉ። ወደ ማንም አይተላለፍም።» ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «ሁሉን አልሰጥህም። ከማዶ የሚጠብቀኝ ወንድሜ ነው። ሚስትህን ግን ዛሬ አስጀምራታለሁ፤ የሁለቱንም ቀሪ ተመልሼ አመጣለሁ። አሁን በነዚህ ጣቶች መርፌ መያዝ አልችልም። ጠመንጃህን አስቀምጥና ካፖርትህን ክፈት።»

«ምን አልሽኝ?»

«ብብትህን ስጠኝ። ሚስትህን የምወጋት በነዚህ ነው።»

ሰውየው ቶሎን አየ። ቶሎ ሰማይ ሰማይ አየ። ጠመንጃው ድንጋይ ላይ ተጋደመ፣ ካፖርቱ ተከፈተ፣ እጆቿም ገቡ። ሰውየው ቅዝቃዜው ዘለቀውና ተንዘፈዘፈ፤ ቢሆንም ክንዶቹን ገጥሞ ያዛት። ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ዓይን ላለማየት ታገሉ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ቆይቶ የልቡ ምት ከሩቅ እንደሚመጣ ኮቴ ተሰማት፤ ከዚያ ሕመሙ መጣ፣ እንባዋም ወረደ።

«አሞሽ ነው?» አለ ሰውየው፤ ድምፁ ሌላ ሆኖ።

«ሲያመኝ ነው የሚሠራው። በቃ።»

በቀሉና ባበጡ ጣቶች ቁስሉን በሳሙና አጠበች፣ ብልቃጡን ከፈተች፣ ወጋቻት። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ስትገልጥ ያን ቀይ እጅ ይዛ ሳመችው።

«እጅሽ ይባረክ።»



ካምፑ ሲደርሱ የመሰርሰሪያዎቹ ጩኸት ቆሞ ሠራተኛው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ወንድሟ በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ እግሩ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እጇን ምድጃ ላይ አሙቃ ወጋችው። ሁለተኛውን ብልቃጥ ለካምፑ የመጀመሪያ ርዳታ ሠራተኛ ሰጥታ መቼና እንዴት እንደሚወጋ አስረዳችው፤ እንዳይሞቅ፣ ደግሞም እንዳይረጋ፣ ሁለቱንም ሁለት ጊዜ ነገረችው።

«አራት ነው ያሉኝ» አለ ወንድሟ። «የቀረውስ?»

«አንዱን በረዶ ገደለብኝ። አንዱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ።»

«ለማን?»

«ውሻህ ለነከሳት ሴት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተቆጥቷል ብላ አሰበች፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ቁጣ እንዳልሆነ ገባት።

«እታለም» አለ ሳይዞር። «ትድናለች?»

«ሁለታችሁም ከተመለስኩ ትድናላችሁ።»

«ካልተመለስሽስ?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። አልዋሸችውም፤ እጇን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ እሱም ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቿን አየ፣ እሷም አልደበቀችውም።

ወንድሟ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄዳል፤ የካፖርታሙ ሚስትም ደህና ናት። በማግስቱ ጠዋት ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ጫፉ ጥቁር ደመና ለብሷል፣ ንፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ነርሷ ከክፍሉ ስትወጣ ካፖርታሙ ሌሊቱን ወርዶ፣ ከቶሎ ጋር በቅሎዋን ጭኖ፣ ተራራውን ሊያሻግራት ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። ሳትጠይቀው የካፖርቱን ቁልፎች ፈታ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነጫጭ እጆቿን ከተተች፤ ጣቶቿ ልጓም መያዝ እስኪችሉ ድረስም ማንም ሰው እንሂድ አላለም።