ያልተገለጠው አንሶላ

የሬሳ ክፍሉ ዘበኛ የማቀዝቀዣውን መሳቢያ ሲስበው መርማሪዋ ፊቷን አጨፈገገች። ያስጠላት ሽታው ሳይሆን ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ናቸው። የሟች ልጅ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ሐኪሙ ማስቲካ ያላምጣል። አስታማሚዋ ብቻ፣ እጇ በካቴና ታስሮ በአንድ ፖሊስ ተይዛ፣ ታለቅሳለች።

«አባቴን የገደለው ልቡ ነው ተብሎ ነበር» አለ ልጅየው። «በኋላ የእንቅልፍ መድኃኒቱን ብልቃጥ ጎድሎ አገኘሁት። የምትሰጠው እሷ ናት፤ ገዳይዋም እሷ ናት።»

«ብልቃጡን አይቼዋለሁ» አለች መርማሪዋ። « የጎደለው ክፉኛ ያስተኛል እንጂ አይገድልም።»

መርማሪዋ አጎነበሰች። ሽማግሌው በጭብጣቸው የተጨማደደ ነጭ ጨርቅ ይዘዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አገጫቸውን ያሰርኩበት ሻሽ ነው» አለች አስታማሚዋ። «ዶክተሩ ‹አርፈዋል› ብለው ፈርመው ሲወጡ ነው ያሰርኩት።»

«እዚህስ የነካቸው አለ?»

«ኧረ ማንም!» አለ ዘበኛው። «አገጫቸው እንደታሰረ ተረክቤ ቆለፍኩ። መሳቢያው ገና አሁን መከፈቱ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ እንዴት መረመሯቸው?»

«ሸሚዛቸውን ገልጬ ልባቸውን አዳመጥኩ። ቆሟል።»

«ከሸሚዙ ሥር ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል? ደረት ነዋ!»

መርማሪዋ አንሶላውን ገለጠች፤ ሸሚዙንም ከፈተች። ሽማግሌው ከብብት እስከ እምብርት በወፍራም ፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ባለፈው ሳምንት ወድቀው ጎድናቸው ተሰብሮ ነበር» አለች አስታማሚዋ።

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት መዋሸቱ፣ ያውም በሟች ፊት! መርማሪዋ ሸሚዙን መልሳ ዘጋች።

«እንግዲህ ስሙኝ። መድኃኒቱ አስተኛቸው። ልጃቸው ሞቱ ብሎ ደወለ። ዶክተር በር ላይ ቆመው ፈረሙ፤ ገልጠው አይተው ቢሆን ፋሻውን ባልሳቱት። ሻሹ የታሰረው ከፊርማው በኋላ ነው። ሬሳ ደግሞ ሻሽ አይፈታም። እኚህ ሰው እዚህ ውስጥ ነቅተዋል። የሞቱትም እዚሁ፣ በብርድ ነው።»

ልጅየው ግድግዳውን ተደገፈ። ሐኪሙ ማላመጡን አቆመ።

«ሬሳ ሳይታይ አይፈረም የሚለው አዲሱ ሕግ እኮ የሚጸናው ከመጪው ወር ጀምሮ ነው» አለ። «እስካሁን ሁላችንም የምንፈርመው በቤተሰብ ቃል ነው።»

«አንሶላ ለመግለጥም አዋጅ ይጠብቃሉ?» አለችው መርማሪዋ፤ ወደ ፖሊሱም ዞረች። «ካቴናውን ከእሷ ፍታና ለዶክተሩ አድርግላቸው።»

አስታማሚዋ እጇ ሲፈታ አልተደሰተችም። መዳፏን አፍጥጣ አየችው።

«ሳስራቸው አገጫቸው ይሞቅ ነበር» አለች። «ዶክተር ካሉ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ… አጥብቄ አሰርኩት።»