ሻምበል ያልሄደበት ኮከብ

ኣስፋሃ ሮማናት አደባባይ ዳር ባጃጁን አቁሞ የፊት ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል። ጎማው ምንም አልሆነም። ጎማ መንካት «የሚከተል የለም፣ ግቢ» ማለት ነው።

ሳምሪ ገባች።

«ወዴት ነው፣ ሓፍተይ?» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደማንኛውም ባለባጃጅ።

«ኲሓ። ቀስ ብለህ ከነዳህ።»

«ይቺ ባጃጅ ፈጥና ብታውቅ ኖሮ እኔም እስካሁን ኣግብቼ ነበር።»

ሳቀች። እስከ ዛሬ የሚነጋገሩት በስልክ ብቻ ነበር። ዛሬ በአካል ተገናኙ ብሎ ያዘዘው አለቃቸው ነው። ባጃጁ ሲንቀሳቀስ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሻምበል ሰማያዊው ጸሐይ ላይ ቆሟል። መርከቦቹም ተከትለውታል።»

ኣስፋሃ ቀልዱን ተወ። ሰማያዊው ጸሐይ ማለት ኲሓ አጠገብ ያለው የተተወ የድንጋይ መፍጫ ነው። ከሰዓት በኋላ ቦምብና ክላሽ የጫነ አይሱዙ እዚያ ያራግፋል። አንዴ ከተራገፈ በየሰፈሩ ይበተናል፤ የተበተነ ቦምብ ደግሞ የሚለቀመው ከሬሳ ጋር ነው።

«ሓቂ ከሆነ እንግዲህ…» ብሎ ጀመረ።

ሞተር ሳይክል በቀኝ በኩል ተጠጋ።

ሁለት ሰው ጭኗል።

ኋለኛው እጁን ከጃኬቱ አወጣ።

ኣስፋሃ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ደሙ መስተዋቱን ሸፈነው። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ ተገለበጠ፤ ሳምሪም ከኣስፋሃ ሬሳ ሥር ዋለች። ሬሳው ገና ሞቅ ያለ ነበር። ገዳዩ ሥራውን ሊጨርስ ወርዶ ጎንበስ አለ፤ መጎንበሱ ነው የጎዳው። ከቦርሳዋ የኮምፒውተር መፍቻዋን መዛ ከአገጩ ሥር እስከ እጀታው ሰካችበት። እንደ ታረደ በግ እያንኮራፋ ተቀመጠ።

ባለሞተሩ ተኮሰ። ግራ እጇን በሳው።

ሮጠች። በጨርቅ ተራ፣ በጫማ ተራ፣ የሻጮቹን ጩኸት እያቋረጠች ሮጠች።

ጌም ቤቷ ደርሳ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ሰፈርተኛው ሳምሪን የሚያውቃት ኮምፒውተር ጠግና፣ ጎረምሳ ሰብስባ የምታስጮህ፣ ባል ያጣች ሴት አድርጎ ነው። ሰፈር የማያውቀው ነገር የለም ይባላል። የመንግሥት ሰላይ መሆኗን ግን ያ ሁሉ ዓይን አላየውም።

ሥራዋም ቢነገራቸው ያስቃቸው ነበር። በኢንተርኔት የሚጫወቱት የጠፈር ጌም አለ። ተጫዋች ሁሉ መርከብ ይሰጠዋል፤ ሰማዩ ማለቂያ የለውም። ታዲያ የሰው ልጅ ማለቂያ የሌለው ሰማይ ተሰጥቶት ምን ያደርጋል? ሰው የሄደበት ይሄዳል። ማዕድን ተገኘ ወደተባለበት ኮከብ ይግተለተላል። ሳምሪ የከረመችው ይህን ግትልትል ስትከታተል፣ ማን ወዴት እንደሚያዘነብል በካርታ ስትስል ነው። አንድ ቀን ከመንጋው ተለይተው ወደ ባዶ ኮከብ የሚሄዱ መርከቦች አየች። መሪያቸው «ሻምበል» ይባላል። እሱ ምልክት ይተክላል፣ እነሱ ይከተላሉ፣ በዚያው ዕለት መሣሪያ ይገባል። የትኛው ኮከብ የትኛው ቦታ እንደሆነ የነገራት ኣስፋሃ ነው፤ ከድቷቸው ከመምጣቱ በፊት የእነሱ ሾፌር ነበር።

እጇን በፎጣ ጠቅልላ ካርታውን ከፈተች።

ቀለበት ያለው ኮከብ ዓይኗን ያዘው። የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ ያለው መጋዘን ነው። በአለቃዋ በኩል ባቀበለችው ጥቆማ ፖሊሶች ተደብቀው አይሱዙውን የሚጠብቁት እዚያ ነው። ድሮ ሻምበል ከዚያ አይጠፋም ነበር። ፖሊስ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ግን ዝር አላለም። ተከታዮቹም እንደዚያው።

አንድ ሰው ነግሮታል። ወይም ራሱ ያውቃል።

ሻምበል የተጫወተባቸውን ቀኖች ወደ ኋላ ቆጠረች። ሻምበል ሳይጫወት የሚውልበት ቀን የለም፤ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ብቻ ይጠፋል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ዐሥራ ሁለትን ተጫውቶ፣ የጠፋው በማግስቱ ማግስት፣ እሑድ ነው።

ሳምሪ ቀኑን ደግማ አየችው።

አለቃዋ ከፋለ የሚካኤል ማሕበርተኛ ነው። «በዐሥራ ሁለት አትደውዪልኝ፣ ጽዋ አለብኝ» ይላታል። ሚያዝያ ላይ ባለተራው ሐዘን ገብቶበት፣ ማሕበሩ ወደ እሑድ ዞሯል ብሎ ቀጠሮ የሰረዘባት ራሱ ነው።

ለከፋለ ደወለች።

«መምህር፣ ኣስፋሃ ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። አንቺስ?»

«ተርፌያለሁ።»

«እንዳ ኢየሱስ ኮረብታው ላይ ነይ፣ ከአሮጌው ምሽግ ጀርባ። ለማንም አልተናገርሽም?»

«ማን አለኝና።»

እውነቷን ነው። ከሱ በቀር ሰላይ መሆኗን የሚያውቅ በምድር ላይ የለም። ፖሊስ ዘንድ ሄዳ ምን ትበል? የምትታመነው በሱ አፍ ነው።

ከፋለ ጃንጥላውን ይዞ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ልክ ከቢሮ ለምሳ የወጣ ሰው መስሎ ይጠብቃታል። ስልኩ እጁ ላይ ነው።

«እጅሽን ምነው?»

«ጓደኞችህ ናቸው።» ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ደህናው እጇ ፍርስራሹ መሀል ገባ። «ማሕበሩ እንዴት ነበር? ወደ እሑድ የዞረው።»

ከፋለ ፈገግ አለ።

«በሱ አወቅሽ?»

«ሰው ታስገድላለህ፣ ጽዋ ግን አትቀርም።»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አለ ከፋለ፣ ከልቡ። «ሚካኤልን በዚህ ነገር አታስገቢው፣ እህቴ።»

ሽጉጡን ከጃንጥላው ሥር አወጣ።

ድንጋዩ ቀደመው።

ጉልበቱን ነው የመታችው። ሲወድቅ የተኮሰው ጥይት ጆሮዋን ሸረፈ። ላዩ ላይ ወጣችና ደገመችው፤ ሠለሰችው። እሱ በጣቶቹ የቆሰለ እጇን ፈልጎ ቁስሉን ፈለቀቀው። ጮኸች፣ ግን ድንጋዩን አልለቀቀችም። ግንባሩ ሲሰበር እንደ ሸክላ ድምፅ ሰጠ።

ስልኩ ተቆልፏል።

አውራ ጣቱ ገና አልቀዘቀዘም። በቀሚሷ ደሙን ጠረገችለትና መስተዋቱ ላይ ጫነችው። ተከፈተ።

ሻምበል ሰማያዊው ጸሐይ ላይ ተኮፍሷል። መርከቡን አዞረችና ቀለበት ያለው ኮከብ ላይ ምልክት ተከለች።

ጠበቀች። ማንም አልተነቃነቀም።

ከዚያ አንዷ ነጥብ ዞረች። ሌላዋም ተከተለቻት። ለምን የሚል አልነበረም። ሁሉም መሪያቸው ወደሄደበት ጉዞ ጀመሩ።

«ጌታዬ?» አለ ድምፅ ከምሽጉ ማዶ። ባለሞተሩ ነው። «ተኩስ ሰምቼ…»

በከፋለ ሽጉጥ ደረቱን መታችው። ቁልቁል ተንከባለለ።

ሳምሪ ምሽጉ ሥር ቁጭ ብላ ዓይኗን መንገዱ ላይ ጣለች። በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል መጀመሪያ አንድ ተኩስ፣ ከዚያ ብዙ ሆነ። በመጨረሻ ምድር ያንቀጠቀጠ ፍንዳታ መጣ፤ ጥቁር ጭስም ቆመ። አይሱዙው ከነጭነቱ አልቋል። አብረውት ያለቁትን ፖሊሶች ስም በማግስቱ ከሬዲዮ ሰማች። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጨዋ የመንግሥት ሠራተኛ በድንጋይ ቀጥቅጣ የገደለች ሳምሪ የምትባል ሴት እየተፈለገች መሆኗ ተነገረ። የኣስፋሃን ስም ያነሳ የለም።

ኣላማጣ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ኣደይ ለምለም የጓዳ ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። የመጣችውን ሴት ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። የተጠቀለለ እጅ፣ በነጠላ የተሸፈነ ጆሮ።

«በዚህ እጅ ሰሃን ታጥቢያለሽ፣ ጓለይ?»

«በደህናው እጄ አጥባለሁ።»

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ? ባል ነው?»

«ባል በምን ዕድሌ፣ ኣደይ።»

«ስምሽስ?»

ሴትዮዋ አሰበች። የምታውቃቸው ስሞች ሁሉ ተቃጥለዋል። ፖሊስም ገዳይም ያልሰማው አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እናቷ ያወጣችላት። ከጠራችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ምላሷ ላይ ተንገዳገደ።

«ለ… ለተንሳኤ።»

ኣደይ ለምለም ሳቁባት።

«መዋሸት አትችዪም። በይ ግቢ፣ ሰሃኑ ተከምሯል።»